ደርቆ የመጣው ጆንያ

ቡ ጂየም ያን ዕለት ለጎህ ሶላት ልትታጠብ ወደ ጓሮው ጉድጓድ ስትወርድ ሰማዩ ገና አልቀላም ነበር። ባልዲውን ልትለቅ ገመዱን እንደያዘች ከቀርከሃው አጥር ወዲያ የብስክሌት ሰንሰለት ሲንኳኳ ሰማችና ቆም አለች። በአጥሩ ሽንቁር ብታይ ምባህ ዊርዮ ናቸው። «ቡ» እናት፣ «ፓክ» አባት እንደሆነ ሁሉ «ምባህ» አያት ማለት ነው፤ መንደሩ ሁሉ፣ እኩዮቻቸው ሳይቀሩ፣ እንዲያ ብሎ ነው የሚጠራቸው። ሽማግሌው ብስክሌቱ ላይ አልተቀመጡም፤ ከኋላው ለዶሮ ጉዝጓዝ የሚሆን አንድ ጆንያ የሩዝ እብቅ ጭነው በእግራቸው ይገፉታል። ጉልበታቸው እምቢ ካላቸው ወዲህ ብስክሌቱ መጓጓዣነቱ ቀርቶ ምርኩዝ ሆኗል።

ጆንያውን የተኛ ሕፃን እንደሚያስተኙ ሁሉ ከጓዳዋ በር ሥር ቀስ አድርገው አኖሩት። ሊመለሱ ሲሉ የአጥሩ መዝጊያ በሌሊቱ ነፋስ ተፈትቶ ሲወዛወዝ አዩ። ኪሳቸውን ዳበሱ፤ ገመድ የለም። ጎንበስ ብለው ከወደቀ የሙዝ ግንድ ላይ አንድ ልጥ ላጡና መዝጊያውን ጥብቅ አድርገው አሰሩት፤ ጥርኝ እንዳይገባባት ነው። ከዚያ ሳያንኳኩ፣ ሳይጣሩ፣ የብስክሌታቸውን ደወል እንኳ ሳይነኩ ሄዱ።

ቡ ጂየም ገመዱን እንደያዘች ቀረች። «አልሐምዱሊላህ» አለች በልቧ። «ባሌን ብትወስድብኝም ጎረቤት አልነሳኸኝም።»

ያ ጆንያ ምን ይዞ እንደመጣ በዚያ ሰዓት እሷም አላወቀች፣ ሽማግሌውም አላወቁ።

ሟቹ ባሏ ፓክ ሳርዲ ግንበኛ ነበር። ቀን ጡብ ሲደረድር ውሎ ማታ ቤቱ ሲገባ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ዶሮዎቹ ነበር። ቡ ጂየም ትስቅበት ነበር፤ «ምነው እኔንስ ደህና ዋልሽ ወይ አትለኝም?» ስትለው «አንቺማ ብታመሚ ትናገሪያለሽ፤ እነሱ በምን አፋቸው» ይላታል። ዶሮዎቹ ከአባቱ የወረሳቸው ናቸው፤ ጥቁር ላባ፣ አመድማ እግር፣ ቁመታቸው መለል ያለ። አውራዎቹ ሲጮኹ ድምፃቸውን መጨረሻ ላይ ጎተት ያደርጉታል። ሳርዲ ያን የሚጎተተውን ጩኸት ለመስማት የሻይ ብርጭቆውን ከአፉ መልሶ ዝም ይል ነበር።

እሱ ከሞተ በኋላ ዶሮዎቹ አንድ በአንድ አለቁ። ቡ ጂየም ኑሮዋ ቴምፔ ነው፤ የአኩሪ አተሩን ቂጣ በሙዝ ቅጠል ጠቅልላ ማለዳ ገበያ ታወጣለች። ዶሮ የመጠበቅ ጊዜ አልነበራትም። የመጨረሻውን አውራ ጥርኝ ወሰደው። አንዲት አሮጊት እናት ዶሮ ብቻ ቀረች፤ ሳርዲ በገዛ እጁ ያሳደጋት። ይህች አሮጊት አውራው ከመወሰዱ በፊት በጣለቻቸው እንቁላሎች ላይ ተቀመጠችና፣ ማንም ሳይጠብቅ፣ አንድ ቅርጫት ሙሉ ጫጩት ፈለፈለች።

ጊዜው የታሰበበት ይመስል ነበር። የሳርዲ የሺህ ቀን ሰደቃ የሚውለው ጫጩቶቹ አድገው አውራ በሚሆኑበት ወር ላይ ነው። የሺህኛው ቀን የመጨረሻው ትልቁ ሰደቃ ነው፤ ከዚያ በኋላ የመቃብሩ ድንጋይ ይተከላል፣ ሟቹም በሰላም እንዲያርፍ ይተዋል። በዚያ ቀን በሰደቃው ሩዝ ላይ የሚቀመጠው አውራ ዶሮ አንገቱን ደፍቶ፣ እግሩን አጥፎ፣ ሱጁድ ላይ እንዳለ ሰው ሆኖ በኮኮናት ወተት ይበስላል። ቡ ጂየም አንድ ነገር ብቻ ፈለገች፤ ያ አውራ ከገበያ የመጣ እንዳይሆን። ከሳርዲ ከራሱ ዘር እንዲሆን። ይህን ለማንም አልተናገረችም፤ በየሶላቷ መጨረሻ ላይ ግን ለአንዱ ትናገር ነበር።

ጫጩቶቹ የጭራቸው ላባ ብቅ ማለት ሲጀምር ዝናቡ በረታ። አንድ ማለዳ የዶሮ ቤቱን ክዳን ስትከፍት እንደ ወትሮው እየተንጫጩ አልመጡም። ጥግ ላይ ተጠጋግተው፣ ላባቸውን ነፍተው፣ ዐይናቸውን ጨፍነው ቆመዋል። ግንባራቸው ላይ ብቅ ማለት የጀመረው ቀይ ሥጋ ገርጥቷል። እብቁ ላይ ያለው ኩስ ደም አለበት። አንዱ ከናካቴው ተኝቷል፤ ስታነሳው አንገቱ ከእጇ ላይ ወደቀ።

የምታውቀውን ሁሉ አደረገች። እርድ ወቅጣ፣ የፓፓያ ቅጠል ጨምቃ በውሃቸው ላይ ጨመረች። ወለል ማጠቢያውን፣ ያን አፍንጫ የሚበጥሰውን፣ በቤታቸው ዙሪያ ረጨች። ቀዝቅዟቸው ይሆናል ብላ ምባህ ዊርዮ ካመጡት እብቅ አዲስ ዘርግፋ ጉዝጓዙን ወፈር አደረገችው። በማግስቱ ሦስት ሞተው አገኘች።

ያን ቀን ቴምፔዋን ገበያ ሳትወስድ ቀረች። ግድግዳ የምትጋራት ጎረቤቷ ብቅ ብላ «ለጫጩት ነው እንዴ እንዲህ ፊትሽ የጠቆረው?» ብትላት፣ ቡ ጂየም «ለጫጩት አይደለም» አለች። ጎረቤቷ ነገሩ ገባትና ሞተር ብስክሌት ያለውን ሰው ልካ ላስትሪን አስጠራች።

ላስትሪ የወረዳው የእንስሳት ጤና ሠራተኛ ናት፤ የዚያው መንደር ልጅ፣ ሳቂታ። ከገባች በኋላ ግን አልሳቀችም። ጫማዋን አውልቃ ከዶሮ ቤቱ ፊት ቁጢጥ አለችና ኩሱን በስንጥር ገልበጥ ገልበጥ አደረገችው።

«ቡ፣ አንጀታቸው ነው የታመመው» አለች። «ብርድ አይደለም፣ የሰው ዐይንም አይደለም። በዐይን የማትታይ ተባይ ናት። አንዱ በኩሱ ያወጣታል። እርጥብ ጉዝጓዝ ላይ ከወደቀች አንድ ሁለት ቀን ውስጥ ትበስላለች፣ ሌላው ጭሮ ይለቅማታል። ደረቅ ላይ ከወደቀች ግን አብዛኛዋ ሳትበስል ትቀራለች።»

«ማጠቢያ ረጭቻለሁ እኮ።»

«ይቺ ሽታ አትፈራም። የምትፈራው የፈላ ውሃ ነው፤ ድርቀትም አትወድም።»

«እርድስ?»

«እርዱን ለእኔ አፍዪልኝ፣ እጠጣዋለሁ። ለእነሱ ግን ለጊዜው ተዪው። የታመመ ጫጩት እህል ይተዋል፤ ውሃ ግን አይተውም። መድኃኒቱን የምንሰጠው በውሃው ነው። ውሃው ከመረራቸው በምን እንሰጣቸዋለን?»

ከቦርሳዋ የዱቄት መድኃኒት አወጣችና በንጹሕ ውሃ በጠበጠችው። ሌላ ውሃ እንዳያገኙ፣ ጠዋት ጠዋት አዲስ እንዲበጠበጥ፣ ሳምንቱ እስኪሞላ እንዳይቋረጥ፣ ቢያገግሙም እንኳ እንዳይቋረጥ ነገረቻት። የውሃ ዕቃው ጡብ ላይ ይቀመጥ፣ ሲረግጡት እንዳይደፋ። የደከሙት ለብቻ ይሁኑ። ጉዝጓዙ ተጠርጎ ይቃጠል፣ ወለሉ በፈላ ውሃ ይታጠብ። «ከዚህ የተረፈ» አለች፣ «በሽታውን ያውቀዋል፤ ሁለተኛ እንዲህ አይጥለውም። አይዞሽ ቡ፣ ሁሉም አይሞቱም።»

ከዚያ ከጆንያው አንድ እፍኝ እብቅ ዘገነችና ጨበጥ አደረገችው። መዳፏን ስትከፍት እብቁ አልተበተነም፤ እንደ ተጨበጠ ሩዝ ድቡልቡል ሆኖ ቀረ። መሃሉ ላይ አንድ ቀይ የዶሮ ላባ ተሰክቶበታል። በቡ ጂየም ግቢ ቀይ ዶሮ የለም።

«ይሄ ከወፍጮ ቤቱ ኋላ ካለው ክምር ነው» አለች ላስትሪ። «የመንደሩ ዶሮ ሁሉ የሚጭረው፣ ዝናቡም የሚወርድበት። ማነው የሚያመጣልሽ?»

ቡ ጂየም ጆንያውን አየችው። ከዚያ ቀስ ብላ «ምባህ ዊርዮ ናቸው» አለች።

«ኦ» አለች ላስትሪ። እብቁንም ወደ ጆንያው መለሰችው።

«በይ ንገሪያቸዋ ቡ።»

«እኔ? አንቺ ንገሪያቸው እንጂ፤ የመንግሥት ሰው ነሽ።»

«እኔማ ስወለድ ጆሮዬ ላይ አዛን ያሉልኝ እሳቸው ናቸው። እኔ ነኝ ሄጄ ‹ምባህ፣ እብቅዎ ገዳይ ነው› የምላቸው?»

ያን ጊዜ ሁለቱም ሳቁ፤ ቡ ጂየም እንባዋን በሻርፗ ጫፍ እየጠረገች።

በዚህ መንደር የተሰጠን ነገር መመለስ በእንግዳ ፊት በር እንደ መዝጋት ነው። ምባህ ዊርዮ ደግሞ እብቁን ዝም ብለው አልነበረም የሚያመጡት። ጉልበታቸው የደከመ ዓመት ከቤታቸው እስከ መስጊድ ያለው ዳገት አሸንፏቸው ጁምዓ መቅረት ጀምረው ነበር። ሳርዲ ማንም ሳያዘው፣ ከተረፈ ጡብና ሲሚንቶ፣ ከመንገዱ አጋማሽ ላይ አንዲት አጭር መቀመጫ ሠራ። ለማን እንደሆነች አልተናገረም። ሽማግሌውም አላመሰገኑትም፤ ብቻ በየጁምዓው እዚያ እየተቀመጡ እፎይ ይላሉ፣ ከዚያ ይቀጥላሉ። እሱ ከሞተ በኋላ ነው እብቁ መምጣት የጀመረው።

ይህን እያወቀች ቡ ጂየም እንዴት አድርጋ ትናገር? በዘዴ ልሞክር አለች። በሚቀጥለው ሳምንት ሽማግሌው ጆንያውን ሲያወርዱ «ድንገት» ወጣች።

«ምባህ፣ እንደምን አደሩ። ዘንድሮ ዝናቡ በረታ አይደል? እብቁም ውሃ ጠጥቶ ከበደ።»

«ከበደ ብለሽ አትሳቀቂ ልጄ» አሉ ሽማግሌው ደረታቸውን ነፋ አድርገው። «ጉልበቴ እንጂ ክንዴ አላረጀም።» በማግስቱ ሁለት ጆንያ አመጡ።

ሌላ ቀን ደግሞ «ምባህ፣ አሁንስ በቅቶኛል፤ ቤቱ ሞልቷል» አለቻቸው።

«አንቺ መቼም ሰው ማስቸገር አትወጂም። ሳርዲም እንዲሁ ነበር፤ ‹ቡና ጠጣ› ሲሉት ‹አሁን ጠጣሁ› እያለ ሲጠማው የሚውል» ብለው ሳቁ። በሦስተኛው ቀንም ደግመው መጡ።

ጎረቤቷ በግድግዳው በኩል ሁሉንም ትሰማለች። «አሁንስ አንድ ነገር ከጨመርሽ ወፍጮ ቤቱን ነቅለው ነው የሚያመጡልሽ» አለቻት።

ጫጩቶቹ እስከዚያው መድኃኒቱን እየጠጡ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሌሎች ሁለት ሞቱ፤ ከዚያ ሞቱ ቆመ። ቡ ጂየም ለብቻ ያደረገቻቸውን ደካሞች በሻርፗ ጠቅልላ፣ መንቁራቸውን ውሃው ላይ ነከር እያደረገች፣ «ጠጡ፤ የሳርዲ ቀን ሳይደርስ እንዳትሄዱ» ትላቸው ነበር። አንድ ጠዋት ከመካከላቸው አንዱ ከእጇ አምልጦ ዘለለና የጣለችለትን የሩዝ ፍንካች ለቀመ። ቡ ጂየም እንዳለች መሬት ላይ ተቀመጠች። ምንም አልሠራችም፤ ሲበላ እያየችው ቆየች።

ግን ጉዝጓዝ ያስፈልጋቸዋል። ምባህ ያመጡትን መድፋት ደግሞ አልሆነላትም፤ ቆሻሻ መጣያው ላይ ቢያዩትስ? ሰሌን ላይ ልታሰጣው ሞከረች፤ ፀሐይ ብቅ ትልና ወዲያው ዝናብ ይመጣል። በመጨረሻ ትልቁን መጥበሻ እሳት ላይ ጣደችና እብቁን እፍኝ በእፍኝ ታምሰው ጀመር።

ጎረቤቷ ጭሱን አይታ መጣች። «ምንድን ነው የምታምሽው?»

«ይሉኝታዬን» አለች ቡ ጂየም፣ ማማሰያዋን ሳታቆም።

ሁለቱም ሲስቁ የብስክሌት ሰንሰለት ሰሙ። ምባህ ዊርዮ በዚያ ቀን በማለዳ ሳይሆን በረፋድ ነበር የመጡት። የአጥሩን መዝጊያ ከፍተው ቆመዋል። መጥበሻውን አዩ። የተቆላውን እብቅ አዩ። በጓዳው ደጅ የተደረደሩትን ጆንያዎቻቸውን አዩ።

«ምባህ» አለች ቡ ጂየም ብድግ ብላ፣ «ጫጩቶቹ... ሲሞቅ ደስ ይላቸዋል ብዬ ነው።»

ሽማግሌው ብስክሌታቸውን አጥሩ ላይ አስደገፉ። በቅርባቸው ካለው ጆንያ አንድ እፍኝ ዘገኑና ጨበጥ አደረጉት። መዳፋቸውን ሲከፍቱ እብቁ ድቡልቡል ሆኖ ቀረ። ትኩር ብለው አዩት። ከዚያ ባዶ በመሰለው ዶሮ ቤት ውስጥ ተኮማትረው ወደቆሙት ጥቂት ጫጩቶች አዩ፤ ቀድሞ ስንት እንደነበሩ ያውቃሉ።

«ማታ ዝናብ ይመጣል» አሉ በመጨረሻ፣ «እንጨትሽን አስገቢ።» ብስክሌታቸውን አዙረው ሄዱ።

በዚያ ሳምንት ጆንያ አልመጣም። ሽማግሌው ጁምዓ ላይም አልታዩም፤ የሳርዲ መቀመጫ ባዶዋን ዋለች። ቡ ጂየምን እህል አልወርድ አላት። ከጫጩቶቹ ሞት ይልቅ ይህ ባሰባት። «ምነው ጫጩቶቹ ሁሉ በሞቱ ኖሮ» እስከማለት ደረሰች፤ ከዚያ አስተግፊሩላህ ብላ ምላሷን ነከሰች። ሞቅ ያለ ቴምፔ ጠብሳ ልትወስድላቸው ታስባለች፤ ደግሞ የቴምፔው መሄድ ራሱ ነገሩን እንደ መናገር ይሆንባታል። ጠቅልላ ትፈታዋለች፣ ፈትታ ትጠቀልለዋለች። በመጨረሻ ጎረቤቷ በላችው።

አንድ ማለዳ ለሶላት ውዱእ ልታደርግ ስትወጣ ከጓዳዋ በር ሥር ጆንያ አገኘች። ልታነሳው ስትጎነበስ ባዶ ጆንያ የያዘች ይመስል እጇ ሽቅብ ተወረወረ፤ ቀላል ነው። አፉን ፈታች። እብቁ ወርቅ መስሏል፣ በጣቶቿ መካከል እንደ ውሃ ይፈሳል። አቧራው ተነፍቷል። ላባ የለበትም። እጇን እስከ ክርኗ ድረስ ስትከት ጆንያው ሆድ ውስጥ የትናንት ፀሐይ ሙቀት ገና አልወጣም።

ከጆንያው አጠገብ ደግሞ እኩል የተፈለጠ፣ ዳር ዳሩ በቢላ የተላገ የቀርከሃ እሽግ ነበር። ለፍርግርግ ወለል ነው፤ ጫጩት ከመሬት ከፍ ብሎ እንዲቆም፣ ኩሱ በሽንቁሩ ወደ ታች እንዲወርድ።

በኋላ ከወፍጮ ቤቱ ልጅ ተሰማ። ሽማግሌው ክምሩን ትተው፣ ማሽኑ እየሠራ እብቁ ከሚተፋበት ቧንቧ ሥር ጆንያቸውን ይዘው ነበር የሚጠብቁት። ከዚያ ቤታቸው የሩዝ ማስጫ ጡብ ላይ ዘርግተው፣ ዳመና ባዩ ቁጥር እየሰበሰቡ፣ ፀሐይ ባዩ ቁጥር እየዘረጉ፣ ሳምንቱን ሙሉ ከግቢያቸው አልወጡም። ጁምዓ የቀሩትም በቁጣ ሳይሆን ጉልበታቸው አብጦባቸው ነው።

ስለ እርጥቡ እብቅ እሳቸው አንዲት ቃል አልተናገሩም። ቡ ጂየምም አልተናገረችም። ብቻ በዚያ ቀን ቴምፔውን ጠበሰች፣ በሙዝ ቅጠል ጠቀለለች፣ ሳትፈታ ወሰደችላቸው። ሽማግሌው ተቀብለው አሽተቱና «ጨው በዝቶበታል» አሉ፤ ገና ሳይቀምሱት። ቡ ጂየም ወደ ቤቷ እየሳቀች ተመለሰች።

ፍርግርጉ ተሠራ። ጫጩቶቹ ከፍ አሉ። ከተረፉት ውስጥ አራቱ ቄቦች ሆኑ፤ አውራ የሆነው አንድ ብቻ ነው። ጥቁር፣ እግሩ አመድማ፣ አንገቱ መለል ያለ። መጀመሪያ የጮኸ ዕለት ድምፁ ተሰነጣጥቆ ቡ ጂየም በሳቅ ፈረሰች፤ ጥቂት ቆይቶ ግን ድምፁ ጠራና መጨረሻው ላይ ጎተት አደረገው። ያን ጊዜ ማማሰያዋን አስቀምጣ ዝም አለች።

ሰደቃው እየቀረበ መጣ። የለመነችውን አግኝታለች፤ ከሳርዲ ዘር አንድ አውራ፣ ጤነኛ፣ ለሩዙ የሚበቃ። ላስትሪም የመድኃኒቱ ጊዜ ካለፈ ቆይቷል፣ ሥጋው ይበላል ብላታለች። ነገር ግን ይህ አውራ ከታረደ ቄቦቹ እንቁላል ቢጥሉም የሚፈለፈል የለም፤ የሳርዲ ጩኸት በዚያ ድስት ውስጥ ያልቃል። ካልታረደ ደግሞ የሺህ ቀን ሰደቃው በገበያ ዶሮ ይሆናል። ሶላቷን ስትጨርስ እጇን ትዘረጋለች፣ ምን እንደምትለምን ግን አታውቅም። «አንተ ታውቃለህ» ብቻ ትላለች።

ከሰደቃው በፊት ባለው ቀን አመሻሽ ላይ ቢላዋ ስሎ የሚያርድላትን ሰው ልትጠራ ሻርፗን ስትለብስ የአጥሩ መዝጊያ ተከፈተ። ምባህ ዊርዮ ናቸው፤ ዛሬ ብስክሌታቸውን አልያዙም። በአንድ እጃቸው ምርኩዝ፣ በብብታቸው ደግሞ ቀይ አውራ ዶሮ፣ ትልቅ፣ ዐይኑን የሚያጉረጠርጥ። ለብቻቸው ለሚኖሩት ሽማግሌ ያ ዶሮ ጓደኛቸው እንደሆነ የማያውቅ የለም፤ በየማለዳው ቀድሞ እሱ ይጮኻል፣ እሳቸው ይነሳሉ።

«ይሄ ምንድን ነው ምባህ?»

«አውራ ዶሮ ነው። ዐይንሽ ደከመ እንዴ?»

«አያለሁ። ለምን አመጡት?»

«ይጮኻላ። እንቅልፍ ከለከለኝ።»

«እሱ ካልጮኸ ለጎህ ሶላት ማን ይቀሰቅስዎታል?»

«የመስጊዱ ድምፅ ማጉያ ምን ሊሠራ ተሰቀለ?» አሉና ዶሮውን በሁለት እጃቸው ዘረጉላት። «ልጄ፣ ሳርዲ ዶሮውን ሲጮኽ መስማት ነበር የሚወደው። ድስት ውስጥ አይጮኽም። የእሱን ተይለት፣ ይኑር። ለሩዙ ይሄ ይሁን።»

ቡ ጂየም ልትቀበል እጇን አልዘረጋችም።

ሽማግሌው መሬት መሬት እያዩ ቀጠሉ፣ «ደግሞ እኮ... ያኔ ያ እብቅ... እኔ ባላመጣው ኖሮ...»

«ምባህ» አለች ቡ ጂየም ቶሎ ብላ፣ «ሻዩ ይቀዘቅዛል። ይግቡ።»

ሻይ አልተጣደም ነበር። ሽማግሌውም ያውቃሉ። ቀና ብለው አዩዋትና «ስኳር አታብዢበት» ብለው ገቡ። እሷም ቀዩን ዶሮ ተቀብላ በሻርፗ አቀፈችው።

ሰደቃው በማግስቱ ከመግሪብ በኋላ ሆነ። ወንዶቹ ሰሌኑ ላይ ክብ ሠርተው ተቀመጡ፣ ዱዓው ተደረገ፣ ሩዙ በየሙዝ ቅጠሉ ተከፈለ። ቀዩ አውራ አንገቱን ደፍቶ ከሩዙ አናት ላይ ነበር። ምባህ ዊርዮ ድርሻቸውን ሲቀበሉ ሥጋውን ለጎናቸው ሰው ሰጡና ሩዙን ብቻ በሉ። ማንም ለምን አላላቸውም። ልክ ሻይ ሲቀርብ፣ ጊዜውም ሳይሆን፣ ጥቁሩ አውራ ከጓሮ ሆኖ ጮኸ፤ መጨረሻውንም ጎተት አደረገው። አንዱ «ሰዓቱ ተዛብቶበታል» ብሎ ሳቀ። ሽማግሌው ግን ዐይናቸውን ጨፍነው፣ ሻያቸውን ከአፋቸው መልሰው ይሰሙ ነበር።

ዛሬ በቡ ጂየም ጓሮ ሦስት የፍርግርግ ወለል ያላቸው የጫጩት ቤቶች አሉ። ከቄቦቹ አንዷ በተቀመጠች ቁጥር፣ ገና እንቁላሉ ሳይሰነጠቅ፣ እሷ ትዘጋጃለች። ወለሉ በፈላ ውሃ ይታጠባል፣ ፀሐይ ላይ ይውላል። ደረቁ እብቅ ተነፍቶ ይቆያል። የውሃው ጡብ ቦታውን ይይዛል። ከላስትሪ የተገኘው መድኃኒት በቆርቆሮ ታሽጎ ጣሪያው ሥር ይንጠለጠላል። በየማለዳው ኩሱን እንደ ሐኪም ጎንበስ ብላ ታያለች። የመጀመሪያው የሚፈለፈል አውራ ለምባህ ዊርዮ ነው ብላ አስቀድማ ለይታ ነበር፤ ወሰደችላቸውም። አሁን በእሳቸው ግቢ በየማለዳው የሚጮኸው ጥቁር ነው። ድምፁን ሲጎትት ሽማግሌው «ይሄ ሰነፍ፣ ቶሎ አይጨርስም» እያሉ ይነሳሉ አሉ።

ያቺ ግድግዳ የምትጋራት ጎረቤት፣ ይሉኝታዋን ስታምስ ያየኋትና ቴምፔውን የበላሁባት፣ እኔ ነኝ። ባለፈው ሰኞ ዝናብ ሊጥል ዳምኖ ሳለ ልብስ ላነሳ ስወጣ ቡ ጂየም በአጥሩ በኩል ጠራችኝ። በክዳን የተሸፈነ ቅርጫት ይዛለች፤ ውስጡ ይንጫጫል።

«እህቴ፣ አንድ ነገር ላስቸግርሽ ነበር።»

እሷ ሰው አስቸግራ አታውቅም። ልብሱን እንደያዝኩ ቆምኩ።

«ዝናቡ ደግሞ መጣ። እኔ የምችለውን አዘጋጅቻለሁ፤ ግን በሽታ አያንኳኳም፣ ዝም ብሎ ነው የሚገባው። ሁሉም እኔ ጋ ካሉ ሁሉም ሊሄዱ ይችላሉ። አንድ ዘር በአንድ ግቢ ብቻ አይቀመጥም።» ቅርጫቱን በአጥሩ ላይ አሳልፋ ወደ እኔ ዘረጋች። «ፍርግርጉን ምባህ ቀርከሃ እየፈለጡ ነው፣ ነገ ያመጣሉ። እብቁም ደረቅ ነው፣ አይቼዋለሁ። እነዚህን አንቺ ጋ ታሳድጊልኛለሽ?»